ዕጣውና እጁ፦ የአንድ የፊደል እንቆቅልሽ ጨዋታ የጉዳይ ጥናት ከባሕር ዳር

ይህ የጉዳይ ጥናት በባሕር ዳር የሚኖሩ ሁለት ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለእጅ ስልክ የሠሩትን አንድ ቀላል የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይመለከታል። የጨዋታው ሥዕል ያምራል፤ በርካሽ ስልክም ሳይንቀራፈፍ ይሠራል፤ ሕጉንም የሦስተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ዙር ይረዳዋል። ሆኖም ለሙከራ የተሰጣቸው ሰዎች ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ስልኩን ይመልሱ ነበር፤ ሲመልሱም የሚሰጡት ምክንያት «ይከብዳል» ወይም «ይሰለቻል» የሚል ሳይሆን «ያጭበረብራል» የሚል ነበር። ኮዱ ግን አያጭበረብርም። በሒሳብ ፍጹም ትክክል የሆነ ዕጣ በተጫዋቹ ዓይን እንዴት ሌባ ሆኖ ሊታይ እንደቻለ፣ አዘጋጆቹም ዕጣው ከሚወስነውና ተጫዋቹ ከሚወስነው ነገር መካከል ድንበሩን እንዴት እንዳዛወሩ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። እኔ በጉዳዩ የገባሁት ሙከራውን እንድታዘብና ሐሳብ እንድሰጥ ተጠይቄ ሲሆን፣ የአዘጋጆቹንም ሆነ የሞካሪዎቹን ስም አላነሣም።

የጨዋታው ሕግ

ሰሌዳው አራት ዓምድና አራት ረድፍ፣ በድምሩ 16 ቤት አለው። ተጫዋቹ በአንድ ዙር 20 ፊደላት በተራ ይሰጡታል፤ ሁሉም ከግዕዙ «ለ» እስከ ሳብዑ «ሎ» ካሉት ከሰባቱ የ«ለ» ድምፆች አንዱ ናቸው። ፊደሉ ሲመጣ ተጫዋቹ የሚመርጠው ዓምዱን ብቻ ነው፤ ፊደሉ በተመረጠው ዓምድ ቁልቁል ወርዶ ባዶ ሆኖ ባገኘው የመጨረሻ ቤት ያርፋል። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ፊደላት በተራቸው፣ ለምሳሌ «ለ ሉ ሊ» ወይም «ላ ሌ ል ሎ» ሆነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከላይ ወደ ታች ከገጠሙ ይጠፋሉ፤ በላያቸው የነበረውም ይወርዳል። ዙሩን ለማሸነፍ ሰባቱም ድምፆች ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ መጥፋት አለባቸው። ዓምዶቹ ከሞሉ ወይም 20ዎቹ ፊደላት ካለቁ ዙሩ ያበቃል። 20 ፊደል በ16 ቤት ስለማይገባ፣ በመካከሉ ሳያጠፉ እስከ መጨረሻው መዝለቅ አይቻልም።

በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ዕጣ የሚጣለው በሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው የፊደሉ ዕጣ ነው፤ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ተራ ከሰባቱ አንዱን፣ ቀድሞ የወጣውን ከቁጥር ሳያስገባ፣ በእኩል ዕድል ያወጣል። ሁለተኛው የድንጋይ ዕጣ ነው፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ከአምስት አንድ በሆነ ዕድል ከአራቱ ዓምዶች በአንዱ ላይ ድንጋይ ይወድቃል፤ ይህም በ20 እርምጃ በአማካይ አራት ድንጋይ ማለት ነው። ድንጋዩ የሚሰበረው ከጎኑ ያሉ ፊደላት ሲጠፉ ብቻ ነው። የሚመጣውን ፊደልም ሆነ የሚወድቀውን ድንጋይ አስቀድሞ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም።

«አንድ ፊደል ረስታችኋል»

ሙከራው በባሕር ዳር፣ በመራዊና በዳንግላ ተካሂዷል። ነገሩን ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደረገችው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። የሰሌዳዋን የታችኛውን ረድፍ በሚገባ አዘጋጅታ ነበር፤ በአንደኛው ዓምድ «ላ»፣ በሁለተኛው «ሌ»፣ በአራተኛው «ሎ» ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛውን ዓምድ ባዶውን ትታ «ል»ን ትጠብቃለች። የመጣው «ሉ» ነው፤ ሌላ ቦታ አኖረችው። ቀጥሎም «ሉ»፣ ደግሞም «ሉ» መጣ። ከዚያም ስትጠብቀው በነበረው ባዶ ዓምድ ላይ ድንጋይ ወደቀ። ስልኩን ወደ ወጣቱ ገፋ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ል የሚባል ፊደል ረስታችኋል» አለችው። «ኧረ እትዬ፣ አለ! ዕድል ሆኖ ነው» አላት። የጨዋታው መዝገብ ሲከፈት ግን በዚያ ዙር «ል» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜም አልወጣም ነበር።

ኮዱን የጻፈው ወጣት መጀመሪያ የያዘው አቋም ትክክል ነበር፦ ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ዕድል ተሰጥቶታል፤ በሺህ ዙር ቢቆጠር ሁሉም እኩል ይወጣሉ። ነገር ግን ተጫዋቹ የሚጫወተው አንድ ዙር ነው እንጂ ሺህ ዙር አይደለም፤ በአንድ ዙር ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ማስላት ይቻላል። አንድ የተወሰነ ፊደል በ20 ዕጣ ውስጥ ጨርሶ ያለመውጣቱ ዕድል 6/7 በራሱ 20 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው፣ ማለትም ከ100 ወደ 4.6 የሚጠጋው ነው። ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ለዙሩ መበላሸት ከሰባቱ የማናቸውም መጉደል በቂ ስለሆነ፣ የሁሉም ተደምሮና የተደራረበው ተቀንሶ የሚገኘው ከ100 ወደ 30 ይጠጋል። በሌላ አነጋገር ከአሥር ዙር ሦስቱ ገደማ ገና ሳይጀመሩ የተሸነፉ ናቸው፤ ዕጣው እንዳይሸነፉ ከፈቀደላቸው መካከልም ፊደሉ በመጨረሻው ተራ መጥቶ የማይረዳባቸው ይኖራሉ። ሰባቱንም ፊደላት አንድ አንድ ጊዜ ለማየት በአማካይ የሚያስፈልገው የዕጣ ብዛት 18 ያህል ሲሆን፣ ዙሩ የሚሰጠው 20 ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዕጣዎች ሰባት የተለያዩ ፊደላት የመሆናቸው ዕድል ደግሞ ከ163 አንድ ነው።

መደጋገሙም ሌላ ችግር ነበር። ዕጣዎቹ ነጻ ሲሆኑ በአንድ ዙር በአማካይ ሦስት ጊዜ ገደማ አንድ ፊደል ከራሱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መምጣትም በአማካይ በሦስት ዙር አንዴ ያህል ያጋጥማል። ይህ ለሒሳቡ ተራ ነገር ነው። ለሰው ግን «ሉ፣ ሉ፣ ሉ» ማየት የሆነ እጅ እንዳለበት ምልክት ነው፤ ሰው ከዕጣ የሚጠብቀው መፈራረቅን ነውና። መራዊ ላይ የሞከሩት ልጆች «ስልኩ እያወቀ ነው» የሚሉት በአብዛኛው እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ሲያዩ ነበር።

በእኔ ግምት እዚህ ላይ የተጫዋቾቹ ቅሬታ ከአዘጋጁ መከላከያ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር። ጨዋታው ለሽንፈቱ ተጠያቂ የሚያደርገው ተጫዋቹን ነው፤ «ተሸንፈሃል፣ እንደገና ሞክር» ይለዋል። ከአሥር ሦስት ጊዜ ግን ተጠያቂው እሱ አልነበረም። ዕጣ በጨዋታ ውስጥ መኖሩ ነውር የለበትም፤ የዕጣን ውጤት የእጅ ስሕተት አስመስሎ ማቅረብ ግን ሰዎቹ የተጠቀሙበትን ቃል በአግባቡ ያሟላል።

እንደ እቁብ

መፍትሔው የመጣው ከዚያችው ሴት አፍ ነው። ወጣቱ ስለ ነጻ ዕጣ ሊያስረዳት ሲሞክር «እቁብ እንኳ አንዴ የደረሰው ሰው ሌላው ሳይደርሰው ሁለተኛ አይወጣለትም» አለችው። ለእቁብተኛ ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ማን እንደሚወጣለት አይታወቅም፤ ዙሩ ሲያልቅ ግን ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ እንደሚደርሳቸው ይታወቃል። ተራው በዕጣ፣ ድርሻው በውል ነው። ሰባቱን ፊደላት ሰባት እቁብተኞች አድርጎ መቁጠር ነው፦ ሰባቱ ይበወዛሉ፤ አንድ በአንድ ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ የወጣው አይመለስም፤ ሲያልቁ እንደገና ይበወዛሉ።

የጨዋታ ነዳፊዎችም እዚሁ ላይ የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ላይ በሠራው ቴትሪስ በተባለው ጨዋታ የሚወድቁት ቅርጾች፣ እንደ አጋጣሚ፣ እንደ ፊደላችን ድምፆች ሰባት ናቸው። በ1989 የወጣው የኒንቴንዶ ቅጂ ድግግሞሽን ለመቀነስ ያደረገው፣ ቀድሞ የወጣው ቅርጽ ተመልሶ ሲወጣ ዕጣውን አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ መጣል ነበር፤ በመሆኑም ረጅሙ ዘንግ ለብዙ ተራ ጠፍቶ የሚቆይበት ሁኔታ ስላልተወገደ፣ የዚያ ቅጂ ተወዳዳሪዎች እስከ ዛሬ ይህን «ድርቅ» እያሉ ያማርሩታል። በኋላ የወጡት ቅጂዎች ግን ሰባቱንም ቅርጾች በአንድ ከረጢት በውዞ እስኪያልቁ ማውጣትን መደበኛ ሕግ አደረጉ። በዚህ ሕግ አንድ ቅርጽ ከወጣ በኋላ ተመልሶ እስኪመጣ በመካከል ሊገቡ የሚችሉት ሌሎች ቅርጾች ቢበዛ 12 ናቸው፤ የመጀመሪያው ከረጢት መጀመሪያ ላይ ወጥቶ የሁለተኛው መጨረሻ ላይ ሲወጣ ማለት ነው።

ሕጉ ወደ ፊደሉ ጨዋታ ሲዛወር ውጤቱ ቀጥተኛ ነበር። በ20 ፊደል ዙር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 14 እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰጣሉ፤ የቀሩት ስድስቱ እርስ በርሳቸው የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ማንኛውም ፊደል ከሁለት ጊዜ አያንስም፣ ከሦስት ጊዜም አይበልጥም። ሦስት ተመሳሳይ ፊደል ተከታትሎ መምጣቱም ጨርሶ ቀረ። ከዚህም የሚበልጥ ያልታሰበ ጥቅም ተገኘ፤ ተጫዋቹ መቁጠር ጀመረ። አምስት ፊደላት ወጥተው «ል» እና «ሊ» ካልወጡ ቀጣዮቹ እነዚህ ሁለቱ መሆናቸውን ያውቃል፤ የማያውቀው የትኛው እንደሚቀድም ብቻ ነው። ዕጣው ትንሽ ብቻ ተገድቦ ሳለ ተጫዋቹ ያገኘው ቁጥጥር ግን ከፍተኛ ነበር።

በዚህ ደረጃ አንድ የኮድ ጉዳይ መነሣት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነውና። ሰባቱን ፊደላት ለመበወዝ ቀላል የሚመስለው መንገድ እያንዳንዱን ከሰባቱ ከማናቸውም ጋር ቦታ ማለዋወጥ ነው። ይህ ግን ሚዛኑን የጠበቀ ብወዛ አይሰጥም። በዚህ መንገድ ያሉት የዕጣ መንገዶች ሰባት በራሱ ሰባት ጊዜ ተባዝቶ 823,543 ሲሆኑ፣ የሰባት ፊደላት አሰላለፍ ግን 5,040 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ለሁለተኛው ያለ ቀሪ ስለማይካፈል አንዳንድ አሰላለፎች ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው መምጣታቸው የግድ ነው። ትክክለኛው መንገድ ፊሸርና ዬትስ በ1938 ያቀረቡት፣ ለኮምፒውተር በሚመች መልኩ ደግሞ ዱርስተንፌልድ በ1964 ያሳተመው ነው፦ የመጨረሻውን ከሰባቱ ከአንዱ ጋር፣ ከእሱ በፊት ያለውን ከቀሩት ስድስቱ ከአንዱ ጋር፣ እንዲህ እያሉ ቦታ ማለዋወጥ።

ድንጋዩ

የፊደሉ ዕጣ ሲስተካከል ቅሬታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረው ድንጋዩ ነበር፤ እዚህ ላይ ሁለቱ አዘጋጆች ተለያዩ። ሕጉንና ሥዕሉን የነደፈችው ባልደረባ ድንጋዩ ይውጣ አለች፤ ወጣቱ ደግሞ ያለ ድንጋይ ጨዋታው ይቀልላል አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

የጨዋታ ነዳፊዎች ዕጣን በሁለት መክፈል ይወዳሉ፦ ተጫዋቹ ከመወሰኑ በፊት የሚወጣና ከወሰነ በኋላ የሚወጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያቀርባል፤ ተጫዋቹም በእጁ ይመልሳል። ሁለተኛው ተጫዋቹ የሰጠውን መልስ ይበይንበታል። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እንዳለ ከተወሰደ በዚህ ጉዳይ ላይ አያሠራም፤ ምክንያቱም ብቻውን ለሚጫወት ሰው ከአንዱ እርምጃ በኋላ የወጣ ዕጣ ሁሉ ከቀጣዩ እርምጃ በፊት የወጣ ነው። ለምሳሌ ጋብሪየሌ ቺሩሊ በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው 2048 የተባለው ጨዋታ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ በዘፈቀደ በተመረጠ ባዶ ቤት ላይ አዲስ ቁጥር ያኖራል፤ ቁጥሩም ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ 2፣ አንድ ጊዜ 4 ነው። እንደ ክፍፍሉ ከሆነ ይህ መጥፎ ዕጣ መባል ነበረበት። ሆኖም ጎበዝ ተጫዋች በጥንቃቄ ሲጫወት ለረጅም ጊዜ ይዘልቃል፤ አዲሱ ቁጥር ትንሽ ነው፤ የትም ቢያርፍ የሚያስተካክልበት ጊዜ አለ፤ ትልልቆቹ ቁጥሮች ደግሞ በአንድ ጥግ ተጠብቀዋል።

ስለዚህ ከሰዓቱ ይበልጥ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ተጫዋቹ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ቀርቷል ወይ? የፊደሉ ዕጣ ሲወጣ አራት ዓምድ ክፍት ነው፤ ተጫዋቹ ይመርጣል። ድንጋዩ በሦስተኛው ዓምድ ላይ ሲወድቅ ግን በብዙ እርምጃ የተዘጋጀ ረድፍ በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ተጫዋቹም ዝግጅቱን ሲጀምር ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ፈንጂ ፈላጊ በተባለው የዊንዶውስ ጨዋታ የመጀመሪያው ጠቅታ ፈንጂ ላይ እንዳያርፍ የተደረገው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ገና ምንም ሳያይ የተሸነፈ ሰው ከሽንፈቱ የሚማረው ነገር የለም።

የተስማሙበት መፍትሔ ድንጋዩን ሳያስወጡ ወሬውን ማስቀደም ነበር። ፕሮግራሙ ድንጋይ መውደቅ አለመውደቁንና ዓምዱን ከአንድ እርምጃ በፊት ይወስናል፤ በሚወድቅበት ዓምድ አናት ላይም ግራጫ ጥላ ያሳያል። ተጫዋቹ ጥላውን አይቶ አንድ እርምጃ ይጫወታል፤ ከዚያ ድንጋዩ ይወድቃል። ዕድሉ ያው ከአምስት አንድ ነው፤ በዙር የሚወድቀው ድንጋይም በአማካይ ያው አራት ነው። የተለወጠው ያ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ሆኖም ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ስትሞክረው ጥላው ባዶ በተወችው ዓምድ ላይ ሲያርፍ በእጇ የነበረውን «ሊ» እዚያው ዓምድ ውስጥ አስገብታ በላዩ ድንጋዩን ተቀበለችና ረድፉን በሌላ በኩል መሥራት ጀመረች። ተሸነፈች፤ ግን «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ከመጀመሪያው ወደ ግራ ነበር መሥራት» አለች። አንድ ነዳፊ ከተሸነፈ ሰው አፍ ሊሰማ የሚችለው ከዚህ የተሻለ ቃል ያለ አይመስለኝም።

ቀጣዮቹ ፊደላት ስንት ይታዩ የሚለውም በዚሁ ጊዜ ተነሣ። ምንም ካልታየ ግምት ይበዛል፤ 20ዎቹም ከታዩ ጨዋታው የወረቀት ሥራ ይሆናል፤ ልጆቹም ስልኩን ይዘው ሳይነኩት ይቆያሉ። ሁለት እንዲታዩ ተወሰነ። ለምን ሁለት እንጂ ሦስት አልሆነም ለሚለው ከልምድ በቀር ሌላ ማስረጃ የለም።

ያልተቀበልነው ሐሳብ

በዚህ መካከል ወጣቱ አንድ ብልሃት አቀረበ። ፊደሉ ከመምጣቱ በፊት ሦስት የተገለበጡ ካርዶች ይታዩ፤ ተጫዋቹ አንዱን ይንካ፤ የሚገለጠው ፊደል የእሱ ምርጫ ይምሰል። በእርግጥ ፊደሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ የትኛውንም ካርድ ቢነካ ያው ነው የሚወጣው። ለጥቂት ሰዎች ታይቶ ወደዱት።

ብልሃቱ እንደሚሠራ ጥናትም ይደግፈዋል። ኤለን ላንገር የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ሥራ የአንድ ዶላር የሎተሪ ቲኬት ከገዙ ሰዎች መካከል ቲኬቱን ራሳቸው የመረጡት መልሰው እንዲሸጡ ሲጠየቁ በአማካይ 8.67 ዶላር ሲጠይቁ፣ በእጃቸው የተሰጣቸው ግን 1.96 ዶላር ብቻ ጠይቀዋል። የማሸነፍ ዕድላቸው አንድ ነው፤ የእጅ ንክኪው ብቻ ዋጋውን አራት እጥፍ አሳደገው።

የእኔ ተቃውሞ ግን ከዚሁ ይነሣል። ይህ ዓይነቱ ቁጥጥር ለሎተሪ ሻጭ ይጠቅማል፤ ለእንቆቅልሽ ጨዋታ ግን ጠንቅ ነው። እንቆቅልሽ ተጫዋቹን የሚይዘው እርምጃውና ውጤቱ መያያዛቸውን ስለሚያስተምረው ነው፤ ያልተያያዘውን የተያያዘ አስመስሎ ካሳየው የሚያስተምረው ሐሰት ነው። ተጠቃሚዎቹ ልጆች መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ባልደረባዋም በሌላ ምክንያት፣ በየተራው ካርድ መንካት ጨዋታውን ያንቀራፍፈዋል ብላ፣ ተቃወመች። ሐሳቡ ቀረ።

ዕጣው ጨርሶ ሲወጣ

ዳንግላ ላይ ጨዋታውን የሞከሩ አንድ ሽማግሌ የታወቁ የገበጣ ተጫዋች ነበሩ። ትንሽ ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ፊት ለፊት ነው፤ ቆጥረህ ትገባለህ። ይሄ ዕጣ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» አሉት። ወጣቱ ይህን ከልቡ ያዘው፤ ቀጥሎ በሠራው ቅጂም ዕጣውን ጨርሶ አስወጣና የፊደሎቹን ተራና የድንጋዮቹን ቦታ ራሱ የወሰነባቸውን ደረጃዎች አዘጋጀ።

ሽማግሌው ወደዱት። መራዊ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አንዲት ልጅ የደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የአንዱን ደረጃ መፍትሔ በዓምድ ቁጥር «3፣ 1፣ 1፣ 4፣ 2…» እያለች በረድፍ ጽፋ ነበር፤ ጓደኞቿም ፊደሎቹን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ እየተከተሉ ይጫኑ ነበር። ፊደል ለማስተማር የተሠራ ጨዋታ ፊደሉ የማይታይበት ሆነ። በልጆቹ መፍረድ አይቻልም፤ መልሱ አንድና ቋሚ ከሆነ መልሱን መያዝ ብልህነት ነው።

የሽማግሌው ንጽጽር እውነት ቢሆንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ገበጣ ላይ ዕጣ የለም፤ ባላጋራ ግን አለ። ጠጠሩ ሁሉ ቢታይም ከፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው የትኛውን ጉድጓድ እንደሚያነሣ አይታወቅም፤ ጨዋታው ዛሬም ነገም አዲስ የሚሆነው በዚህ ነው። ብቻውን ስልክ ይዞ የተቀመጠ ሰው ባላጋራ የለውም። ዕጣው የሚይዘው የዚያን ባላጋራ ቦታ ነው፤ ካስወጡት ቦታው ባዶ ይቀራል፣ እንቆቅልሹም አንዴ ሲፈታ ያልቃል።

ስለዚህ የቀረው ጥያቄ ዕጣው መቼ ይጣል የሚል ነበር። ፍሪሴል የተባለው የካርታ ጨዋታ ጥሩ መልስ አለው፤ ካርታው ሲበወዝ ዕጣ ነው፤ ከተዘረጋ በኋላ ግን ሁሉም ካርድ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ዕጣ የለም። በዊንዶውስ ከነበሩት 32,000 ባለ ቁጥር አዘረጋጎች መካከል የማይፈታው ቁጥር 11,982 አንዱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ዕጣ ግን ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ባለ 15 ጠጠሩን ተንሸራታች እንቆቅልሽ ጠጠሮቹን አውጥቶ እንዳሻው ለሚደረድር ሰው ከአሰላለፎቹ ግማሾቹ ጨርሶ አይፈቱም፤ ይህም በ1879 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ተረጋግጧል። መጀመሪያ ላይ የሚጣል ዕጣ መፈታቱ ካልተመረመረ «ል» ወደሌለበት ዙር መመለስ ነው።

አሁን ያለው ቅጂ የተሠራው በዚህ መሠረት ነው። የዕለቱ ቀን እንደ መነሻ ቁጥር ይወሰዳል፤ ከዚያ ቁጥር የፊደሎቹ ተራና የድንጋዮቹ ቦታ በእቁቡ ሕግ ይበወዛሉ። ስልኩ ቀኑን ብቻ ካወቀ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ሁልጊዜ በማይገኝበት ቦታም ቢሆን ባሕር ዳር ያለውና ዳንግላ ያለው ተጫዋች በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ዙር ይጫወታሉ። ከመቅረቡ በፊትም ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ዙሩን ራሱ ተጫውቶ ቢያንስ አንድ የማሸነፊያ መንገድ መኖሩን ያረጋግጣል። አራት ዓምድና 20 እርምጃ በወረቀት ሲሰላ ከአንድ ትሪሊዮን በላይ መንገድ ይሰጣል፤ የሚፈለገው ግን አንድ ብቻ ስለሆነና ተስፋ የሌላቸው መንገዶች ገና በመጀመሪያው ስለሚቆረጡ ፍለጋው በርካሽ ስልክም አይቆይም። መንገድ ካልተገኘ ቀጣዩ ቁጥር ይወሰዳል።

የደብተሩ ነገር በዚህ አልቀረም፤ ጠባዩ ግን ተለወጠ። የዛሬው ቁጥር ለነገ ስለማይሠራ የሚቀባበሉት ቁጥር ዕድሜው አንድ ቀን ነው። «አንቺ ል ሲመጣ የት አኖርሽው?» የሚለው ክርክር ደግሞ ጨመረ፤ ሁሉም አንድ ዙር ስለተጫወቱ የሽንፈቱን ምክንያት በዕጣው ላይ ማላከክ አይቻልም።

ያልተቋጨው የአዋቂዎቹ ጉዳይ ነው። ልብስ ሰፊዋና እንደ እሷ የሚቆጥሩ ሰዎች ሰባተኛውንና 14ኛውን ፊደል ምንጊዜም ስለሚያውቁ፣ በእነዚያ ተራዎች ላይ ጨዋታው ይቀዘቅዝባቸዋል። ለእነሱ ሁለት ሁለት ቅጂ ያላቸውን 14 ፊደላት በአንድ ላይ የሚበውዝ ሁነታ እየተሞከረ ነው። የመጀመሪያዎቹ 14 ዕጣዎች አሁንም እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ይሰጣሉ፤ መቁጠሩ ግን ይከብዳል፤ ሦስት ተመሳሳይ ተከታትሎ የመምጣቱም ነገር ይመለሳል፤ አንድ ፊደልም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዕጣዎች ወጥቶ እስከ ዙሩ መጨረሻ ላይታይ ይችላል። ባልደረባዋ ይህ ከነባሩ ቅሬታ ጋር እንደሚያገናኛቸው ትሰጋለች፤ ወጣቱ ግን የሚቆጥር ሰው ድግግሞሹን እንደ ማጭበርበር አያየውም ይላል። ለልጆቹ የሰባቱ ሕግ እንዲጸና ሁለቱም ተስማምተዋል፤ የ14ቱ ሁነታ ደግሞ ለጊዜው በቅንብሩ ገጽ ውስጥ፣ ተጫዋቹ ራሱ ፈልጎ ካልከፈተው በቀር የማይሠራ ሆኖ ተቀምጧል።